ኮምፓክት ኤስዩቪ የምትነዱ፦ ምኑን ወደዳችሁት? ምኑስ አማረራችሁ?

ጠያቂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አሁን የምነዳው ዝቅ ያለች የቤት መኪና ነው። እሷን ሸጬ ያገለገለ ኮምፓክት ኤስዩቪ፣ ማለትም ከቤት መኪና ከፍ ያለች፣ ከትልልቆቹ ፎር ዊሎች ግን ያነሰች መኪና፣ ልገዛ እያሰብኩ ነው። ራቭ ፎር፣ ሲአርቪ፣ ቱሳን፣ ፎሬስተር፣ ከእነዚህ መካከል አንዱን።

ዋናው ምክንያቴ እናቴ ናት። ጉልበቷን ያማታል። ከመኪናዬ ስትወርድ እሷ በሩን ይዛ፣ እኔ ክንዷን ይዤ፣ በጭንቅ ነው የምትነሳው። ሁለት ልጆችም አሉኝ። ሁለቱም ገና የልጅ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ጎንበስ ብዬ ቀበቶ ሳስር ወገቤ አለቀ።

የሻጭ ወሬ ጠግቤያለሁ። የሙከራ ጉዞ ላይ ደግሞ ሁሉም መኪና ጥሩ ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው አብራችሁት ስትኖሩ የወጣውን ነው። በየቀኑ ደስ የሚላችሁ ምንድን ነው? በየቀኑ የሚያናድዳችሁስ? ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ጎማውን ሳይቀር ንገሩኝ።

ባለ ግራጫዋ

እህቴ፣ ከእናትሽ ጉልበት መጀመርሽ ልክ ነው። እኔም አባቴን ነው የማመላልሰው። ዳሌያቸው ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል።

የእኔዋ ባለ 2.0 ሊትር ቤንዚን ናት። ካምቢዮዋ ሲቪቲ ነው፤ እንደ ተራው በደረጃ ማርሽ የማይቀያይር አውቶማቲክ። ፎር ዊሏ ሲያስፈልግ ብቻ የሚገባ ዓይነት ነው። 19 ኢንች ቸርኬ ይዛ ነበር የመጣችው፤ እሱን በኋላ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ወንበሩ። የዚህ መኪና ትልቁ ጥቅም ሞተሩም ፎር ዊሉም አይደለም። የወንበሩ ከፍታ ነው። ዝቅተኛ መኪና ላይ ሰው ሲቀመጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲነሳ ደግሞ ሙሉ ክብደቱን በጉልበቱ ይገፋል። ትልልቆቹ ፎር ዊሎች ላይ መንጠላጠል አለ። ኮምፓክቱ መሃል ላይ ነው፤ የብዙ ሰው ዳሌ የሚደርስበት ቁመት ላይ። አባቴ ጀርባቸውን ለመኪናው ሰጥተው ይቀመጣሉ። ከዚያ ሁለቱንም እግራቸውን አንድ ላይ ያዞራሉ። አለቀ። ክንዳቸውን የሚይዝ ሰው አያስፈልጋቸውም። እንደ እሳቸው ሰው እርዳታ መጠየቅ ለማይወድ ሽማግሌ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ይህችን መኪና የምወድበት ምክንያት ሌላው ሁሉ ቢቀር ይሄ ይበቃኛል።

ሁሉም ሞዴል ግን እኩል አይደለም። ልታዪ ስትሄጂ እናትሽን ይዘሽ ሂጂ፤ እሳቸው ይቀመጡ፣ እሳቸው ይውረዱ። የበሩን ደፍ ተመልከቺ። ደፉ ሰፊ ከሆነ እግር አሻግሮ መሬት መርገጥ ይከብዳል። ጭቃም ልብስ ላይ ይቀራል። አንዳንዶቹ ላይ በሩ ራሱ ወደ ታች ወርዶ ደፉን ሸፍኖ ነው የሚዘጋው። እነሱ ላይ ደፉ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። የኋላ በሩ ምን ያህል እንደሚከፈትም እዪ። ወደ 90 ዲግሪ ተጠግቶ የሚከፈት አለ፣ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም አለ። የልጅ ወንበር ለሚያስገባና ለሚያወጣ ሰው ልዩነቱ ብዙ ነው። አንቺም ቆመሽ ነው ቀበቶ የምታስሪው፤ ወገብሽ ያመሰግንሻል።

አሁን ወደ ጎማው ልምጣ። በዚህ ጉዳይ ሰው ሁሉ ቢሰማኝ ደስ ይለኛል። የመኪናዎቹ ውድ ዓይነት በትልቅ ቸርኬ ነው የሚመጣው፤ ስለሚያምር። የእኔው 19 ኢንች 235/55 ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው። የ235 ሚሊ ሜትር 55 በመቶ 129 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። የጎማው የጎን ቁመት ማለት ያ ነው፤ ከቸርኬው እስከ መሬት ያለው ትራስ። ለዚያው መኪና የሚሆነው 17 ኢንች ደግሞ 225/65 ነው፤ 146 ሚሊ ሜትር። 17 ሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። ጉድጓድ ላይ ግን ልዩነቱ ወንበርሽ ድረስ ይመጣል። በ19ኙ እያንዳንዱ የአስፋልት ስንጥቅ አባቴ ዳሌ ላይ ነበር የሚያርፈው። ጎማም ሁለት ጊዜ ጎኑ አብጦብኛል። ጎኑ ያበጠ ጎማ ደግሞ አይጠገንም፤ መጣል ብቻ ነው።

ወደ 17 አወረድኩት። መጀመሪያ መመሪያ መጽሐፉ ላይ ልኩ የተፈቀደ መሆኑን አየሁ። ፍሬኑ ውስጡ እንደሚገባም ጎሚስታው አረጋገጠልኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ መኪና የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ጎማውም በቀላሉ ይገኛል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለት መኪና ፊትሽ ቆመው አንዷ ባለ 17፣ ሌላዋ ባለ 19 ከሆነች፣ ባለ 17ቷን አስቀድመሽ ንጂ። ከብራንዱ በላይ ይሄ ምቾትሽን ይወስነዋል።

ፎር ዊሏን በተመለከተ፣ በደረቅ አስፋልት የምትሄደው በፊት ጎማዎቿ ነው። የፊቱ ሲንሸራተት ኮምፒውተሩ ያውቅና ከኋላ ዲፈረንሺያሉ (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከሚያካፍለው ማርሽ) በፊት ያለውን ክላች ጨምቆ ኃይል ወደ ኋላ ይልካል። ለጭቃ አቀበት፣ ለእርጥብ ሣር ይረዳል። ጥልቅ አሸዋ ላይ ግን አትመኪባት። ክላቹ በጣም ሲግል ራሱን ለማዳን ይለቃል። ያኔ የፊት ጎማ ብቻ ነው የሚቀርሽ። ሎው የሚባለው፣ ለከባድ ቦታ ቀስ ብሎ በኃይል የሚጎትተው ማርሽም የላትም።

ይሄ ጉድለት አይደለም፤ ከመጀመሪያው የታሰበው እንዲህ ነው። ራቭ ፎር እ.ኤ.አ. በ1994፣ ሲአርቪ በ1995 ሲወጡ ሐሳቡ የቤት መኪናን ከፍ አድርጎ መሥራት ነበር። የመጀመሪያዋ ሲአርቪ የሲቪክ መሠረት ላይ ነው የተሠራችው። የዚያች መኪና የኋላ ወለል ሲነሳ እግር አውጥቶ ጠረጴዛ ይሆን ነበር። ሰው መኪናውን ይዞ የት እንደሚሄድ ያሰበ ሰው የሠራው ነገር ነው። የዛሬዎቹ ላይ እንደዚህ ዓይነት አሳቢነት ባይ ደስ ይለኝ ነበር።

የምጠላውን ልንገርሽ። ሲቪቲው ከተማ ውስጥ ለስላሳ ነው፤ ማርሽ ሲቀያየር አይሰማም። ሙሉ ሰው ጭነሽ ዳገት ስትወጪ ግን ሞተሩ አንድ ድምፅ ላይ ተቸክሎ ይጮኻል። ብልሽት አይደለም። በሁለት ፑሊዎች መካከል የብረት ቀበቶ አለ፤ ሞተሩን ኃይል የሚሰጥበት ዙር ላይ ያቆየዋል። አሠራሩ ገብቶኛል፤ ድምፁን ግን ዛሬም አልወደውም።

ሌላው ከፊት መስታወቱ ግራና ቀኝ ያለው ምሰሶ ነው። ለጣሪያው ጥንካሬ ሲባል ወፍሯል። መስቀለኛ ላይ ስትታጠፊ አንድ እግረኛ ሙሉ በሙሉ ከኋላው ሊጠፋ ይችላል። እኔ ሰውነቴን ወደ ፊት አዘንብዬ ካላየሁ አልታጠፍም። የሙከራ ጉዞ ላይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ታጠፊና የሚሸፍንብሽን መጠን ተመልከቺ።

ነዳጅ ላይ፣ ከተማ ውስጥ ብዙም አልማረርም። ረጅም መንገድ ላይ ስትፈጥኚ ግን ቁመቷ ያስከፍልሻል። የንፋስ ግፊት የሚጨምረው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ80 ወደ 110 ስትወጪ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ረጅም መኪና ደግሞ የሚገፋው አየር ብዙ ነው። እኔ 90 ላይ መሄድ ለምጃለሁ፤ አባቴም ይመርጡታል።

ስክሪኑን በአጭሩ፦ ለሙቀትና ለንፋስ በእጅ የሚዞር ማስተካከያ ያላትን ፈልጊ። ዓይንሽን ከመንገድ ሳታነሺ ትነኪዋለሽ። የመኪና ደኅንነት እየፈተነ ነጥብ የሚሰጠው የአውሮፓው ድርጅት ዩሮ ኤንካፕም እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻን፣ ክላክስን፣ የዝናብ መጥረጊያን የመሳሰሉት ነገሮች በእጅ የሚነኩ ቁልፎች እንዲሆኑ በነጥቡ ውስጥ አስገብቶታል። በጣም ትክክል ነው።

ሃይብሪድ ነጂ

ባለ ግራጫዋ ስለ ወንበሩ ያልከው እውነት ነው። እኔ ስለ ሃይብሪዱ፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክ ሞተርም ስለሚሄደው፣ ልጨምር። የእኔዋ ባለ 2.5 ሊትር ናት።

ቀስ እያለ በሚሄድ መጨናነቅ ውስጥ ሞተሩ ጠፍቶ በባትሪ ትሄዳለች። ልጄ ተኝታ ከሆነ አትነቃም። ተረጋግቼ ስነዳ በ100 ኪሎ ሜትር ከ5 እስከ 6 ሊትር ነው የምትፈጀው። የፍሬን ሸራዋም ቶሎ አያልቅም። ፍሬን ስረግጥ መጀመሪያ የሚያቀዘቅዛት የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው፤ ጉልበቱን መልሶ ባትሪው ውስጥ ይከተዋል።

እህቴ፣ ካምቢዮው ሲቪቲ ነው ሲሉሽ አትደንግጪ። የቶዮታ ዓይነት ሃይብሪድ ላይ የሚጨመቅ ቀበቶ የለም። በጥርስ የተያያዘ ፕላኔታሪ ማርሽ ነው። ጠንካራ ነው። ድምፁ ግን ይመሳሰላል፤ ስትቀድሚ ሞተሩ ይጮኻል።

የማልወደው ባለ 12 ቮልት ባትሪዋን ነው። ትንሽ ናት። መኪናዋ ለረጅም ጊዜ ቆማ ስትቀር ትደክማለች። እሷ ከደከመች ደግሞ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናዋ አትነሳም። እኔ ማስነሻ ገመድ ሁልጊዜ እይዛለሁ።

አንድ ሰው የማይነግርሽ ነገር፦ ከኋላ ወንበር ጥግ በኩል ትንሽ የአየር መግቢያ አለ። ብዙዎቹ ላይ ትልቁ ባትሪ የሚቀዘቅዘው ከዚያ በሚገባ አየር ነው። ማጣሪያ አለው። ከልጆች ጋር የምትኖሪ ከሆነ ፍርፋሪና የምንጣፍ አቧራ ይደፍነዋል። አጽጂው። ልብስም፣ ቦርሳም አትጣይበት። ያገለገለ ስትገዢ ያንን ክፈቺና እዪ፤ የቀድሞው ባለቤት መኪናዋን እንዴት እንደያዛት ይነግርሻል።

ባለ ስቴሽን

እኔ ኤስዩቪዬን ሸጬ ወደ ስቴሽን ዋገን፣ ዝቅ ብላ የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ወደ ረዘመችው የቤት መኪና፣ የተመለስኩ ነኝ። ሌላውን ጎን ብትሰሚ ይሻላል ብዬ ነው።

ትልቋ ልጄ መኪና ውስጥ ያቅለሸልሻታል። ከፍ ያለችው መኪና ኩርባ ላይ ወደ ጎን ታዘነብል ነበር፤ ልጄ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሁሌም ታስመልስ ነበር። በዝቅተኛዋ በጣም ቀንሶላታል። የልጆችሽን ሆድ አንቺ ታውቂያለሽ። የሚያቅለሸልሻቸው ከሆነ የሙከራ ጉዞው ላይ ይኑሩ፣ ኩርባ ያለበት መንገድም ምረጪ።

መገልበጥን በተመለከተ፣ ከፍ ያለ መኪና የክብደቱ ማዕከል ከመሬት ከፍ ይላል፤ ይሄ ሕገ ተፈጥሮ ነው። ኢኤስሲ የሚባለው መኪና ሲንሸራተት እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻው የሚይዘው ሥርዓት አደጋውን በጣም ቀንሶታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2012 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ለአዲስ መኪኖች ግዴታ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራች ልትገዢ ከሆነ መኖሩን ሳታረጋግጪ እንዳትገዢ። ይሄን እለምንሻለሁ።

ሌላው ኮፈኑ ነው። ከፍ ስላለ ከፊቱ ተጠግቶ የቆመ ትንሽ ልጅ ከሹፌሩ ወንበር አይታይም። ሰው የኋላውን ካሜራ ያስባል፤ የፊቱን ይረሳል። ልጆችሽ ያሉበት ግቢ ውስጥ ከመነሳትሽ በፊት የት እንዳሉ በዓይንሽ እዪ።

ዕቃ መጫኛውም እንደሚወራው አይደለም። ወደ ላይ ሰፊ ነው፤ ወለሉ ግን ከእኔ ስቴሽን ያጥራል። ከባድ ዕቃ ለማስገባትም ከፍ አድርጎ ማንሳት አለ። ለእናትሽ ጉልበት ሲባል ግን አንቺ ብሆን እኔም ኤስዩቪውን እመርጥ ነበር።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። ስለ ኮፈኑ የተባለው አስደንግጦኛል፤ ጨርሶ አስቤው አላውቅም።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። የምነዳው አስፋልትና አንዳንዴ ኮረኮንች ነው። ፎር ዊል ያስፈልገኛል? ሌላው፣ ያየኋት አንዲት መኪና ቅያሪ ጎማ የላትም። ሻጩ "ዘመናዊ ስለሆነች ነው" አለኝ። እንዴት ነው?

ባለ ግራጫዋ

ለመጀመሪያው፣ አያስፈልግሽም። በፊት ጎማ ብቻ የምትሄደውን ግዢ። ቀለል ትላለች፣ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ ከሥር የሚበላሸው ዕቃም ያንሳል። ኮረኮንች ላይ የሚረዳሽ ከመሬት ያላት ከፍታ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ያው ነው። የቤት መኪናዎች ከ13 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው። ኮምፓክቶቹ ከ17 ጀምሮ ፎሬስተር እስካላት 22 ድረስ ይሄዳሉ። ቁጥሩን ጠይቂ፤ የመኪናው መልክ ያታልላል። የተረፈሽን ገንዘብ ጥሩ ጎማ ላይ አውጪው። ዝናብ ላይ የሚያቆምሽ ፍሬንና ጎማ ነው፤ ፎር ዊል ለመነሳት እንጂ ለመቆም አይረዳም።

ስለ ቅያሪ ጎማው መካኒኮቻችን ይንገሩሽ።

መካኒክ

እህቴ፣ ልትገዢ ስትሄጂ እነዚህን አትርሺ።

ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሺ። ሻጩ አስነስቶ ከጠበቀሽ ሌላ ጊዜ ተመለሺ። ትንሽ ቱርቦ ሞተር ከሆነ የዘይት መለኪያውን አውጪና አሽትቺው። አጭር አጭር ጉዞ ብቻ የሄደ ሞተር ላይ ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ቤንዚን ከሸተተ ተጠንቀቂ። ናፍጣ ከሆነች የጭስ ማጣሪያ አላት። ያ ማጣሪያ ጥላሸቱን የሚያቃጥለው ረጅም መንገድ ስትሄድ፣ በጣም ሲሞቅ ነው። ለትምህርት ቤትና ለገበያ ብቻ ለሚነዳ ሰው ናፍጣ አልመክርም።

ፎር ዊሏን ከመረጥሽ ግን አራቱንም ጎማዎች እዪ። ብራንዳቸው፣ ልካቸው፣ ጥርሳቸው አንድ መሆን አለበት። አንዱ አዲስ ሦስቱ ያለቁ ከሆነ ዙራቸው ይለያያል። ያ ልዩነት የኋላውን ክላች ያለ እረፍት ያሠራዋል፣ በመጨረሻም ያቃጥለዋል። ይሄን ብዙ መኪና ላይ አይቻለሁ። ባለቤቱ አንድ ጎማ ቀይሮ ገንዘብ ያተረፈ ይመስለዋል።

ሲቪቲ ከሆነች ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ወረቀት ጠይቂ። "ዕድሜ ልኩን አይቀየርም" ካሉሽ አትመኛቸው። ዘይቱም ለሲቪቲ የተሠራው፣ አምራቹ ያዘዘው መሆን አለበት፤ የተራ አውቶማቲክ ዘይት ቀበቶውንና ፑሊውን ያበላሻል። ዳገት ላይ ቀስ ብለሽ ስትወጪ የሚንቀጠቀጥ ነገር ከተሰማሽ ተያት።

መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረሽ ቀስ ብለሽ ክብ ሂጂ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከመጣ ከፊት ጎማው ጋር የሚያያዘው መጋጠሚያ አልቋል። ኮረኮንች ላይ ሬዲዮውን ዝጊና ስሚ። ኳ ኳ የሚል ካለ ከእግሮቿ አንድ ነገር ላልቷል፤ ብዙ ጊዜ ትንሽ ዕቃ ነው፣ ዋጋ ለመከራከሪያ ይሆንሻል። ጣሪያዋ ትልቅ መስታወት ከሆነ ምንጣፉን አንሺና በእጅሽ ዳሺው። የጣሪያው ውኃ የሚወርድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ሲደፈኑ ውኃው ምንጣፍ ሥር ይተኛል፤ ሽቦዎቹ ያሉት ደግሞ እዚያው ነው።

ቅያሪ ጎማው። አዎ፣ ብዙዎቹ አዳዲሶች በቅያሪ ጎማ ፈንታ የአየር መሙያና ፈሳሽ ማጣበቂያ ይዘው ይመጣሉ። ክብደትና ቦታ ለመቆጠብ ነው። ማጣበቂያው ለሚስማር ቀዳዳ ይሠራል። ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ምንም አይፈይድም። ስለዚህ የዕቃ መጫኛውን ወለል አንሺና ጎድጓዳ ቦታ እንዳለ እዪ። ካለ ለሞዴሏ የተሠራ ቀጭን ቅያሪ ጎማ ይገባበታል። ክሪክና የብሎን መፍቻም አብረሽ ግዢ። ቀጭኑ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት አይነዳም፤ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ፎር ዊል ከሆነች ደግሞ ቀጭኑን አስረሽ ሩቅ አትሂጂ፣ ለክላቹ የነገርኩሽ ነገር ነው። ጎድጓዳ ቦታው ባትሪ ወይም ሌላ ዕቃ ከያዘው ግን ቅያሪ ጎማውን ከወለሉ በላይ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው የምትጭኚው፤ ያኔ የልጆቹን ጋሪ ይዘሽ ሂጂና አብረው መግባታቸውን እዚያው ሞክሪ።